የጋቱን ሐይቅና እንግዳው ዓሣ



በፓናማ ያለው የጋቱን ሐይቅ የሰው እጅ ሥራ ነው። መሐንዲሶች ለመርከብ መተላለፊያው ቦይ ሲሉ የቻግሬስን ወንዝ ገድበው፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. የግድቡን መዝጊያ ቢዘጉት ሸለቆው ከነደኑ ሰጠመ።

ዛሬ ዓሣ አጥማጁ በማለዳ ጀልባውን ይዞ ይወጣና፥ በላባ የተሸፈነውን መንጠቆ በሰጠሙት ዛፎች ጉቶ መካከል ይወረውራል። የሚመኘውም በጅራቱ ላይ እንደ ጣዎስ ላባ ዐይን ያለ ምልክት ያለበትን ብርቱ ዓሣ ነው። አገሬው «ሳርሄንቶ» ይለዋል።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓሣ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በኩሬ ሊያረቡት ቢያመጡት አምልጦ ሐይቁን ወረሰ። ዛሬትና ፔይን የተባሉ ሊቃውንት በ1973 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፥ ቀድሞ በብዛት ይገኙ ከነበሩት 8 የዓሣ ዓይነቶች 6ቱ እርሱ ከተስፋፋበት ስፍራ ጠፉ። ዓሣ በል ወፎችም ሳይቀሩ ተጐዱ። ከ45 ዓመት በኋላ በተደረገው ምርመራም የጠፉት እንዳልተመለሱ ታወቀ።

አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። የሕዝብ ውሃ በዐደራ የተሰጠው ሹም እንግዳ ዘር እንዲገባ ከመፈረሙ በፊት፥ ነባሩን ማን እንደሚመልስለት ይጠይቅ።