የሠራተኛ የጤና ምስጢርና የክትባት ጥያቄ በኢትዮጵያ

የሠራተኛ የጤና ምስጢር ማለት ስለ አንድ ሠራተኛ ሕመም፣ የምርመራ ውጤት፣ ሕክምናና ክትባት ያለው መረጃ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰበሰብና ለማይመለከተው ሰው እንዳይገለጥ የሚጠብቅ መብት ነው። በኢትዮጵያ ይህን መብት ጠቅልሎ የያዘ አንድ ሕግ የለም። ድንጋጌዎቹ በሕገ መንግሥቱ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በወንጀል ሕጉ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እና በግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ተበታትነው ይገኛሉ። ጉዳዩ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት፤ እነርሱም አሠሪው መጠየቅ ይችላል ወይ፣ ሠራተኛው መመለስ ወይም መፈጸም ይገደዳል ወይ፣ መልሱንስ ማን ማወቅ ይችላል የሚሉት ናቸው።

የሕግ መሠረት

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ሲደነገግ ብቻ ነው። ለገደቡ ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉት መካከል የሕዝብን ጤና መጠበቅ ይገኝበታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ አልቀበልም ሊል እንደሚችል ይናገራል። ሆኖም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል አስገዳጅ ምርመራን ወይም ክትባትን የሚያዙ ሕጎችና ደንቦች በዚህ አንቀጽ አይነኩም። በሌላ አነጋገር ክትባትን ግዴታ ማድረግ የሚቻለው በሕግ ወይም በደንብ ነው። አንቀጽ 21 ደግሞ እምቢታው ውጤት ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። ምርመራው ለአካል ከባድ አደጋ የሌለው ሆኖ ሳለ ሰውየው እምቢ ካለ፣ ፍርድ ቤት በምርመራው ሊረጋገጥ የታሰበውን ነገር እንደተረጋገጠ ሊቆጥረው ይችላል።

በሥራ ቦታ የሚደረግ ምርመራ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በአንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ሠራተኞችንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ ያስመረምራል። በአንቀጽ 14 መሠረት ደግሞ ሠራተኛው በሕግ ሲታዘዝ ወይም አሠሪው በበቂ ምክንያት ሲጠይቀው የጤና ምርመራ አላደርግም ማለት አይችልም፤ ይህን መተላለፍ የሥራ ውልን እስከ ማቋረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ከዚህ ግዴታ በግልጽ የወጣው የኤች አይ ቪ/ኤድስ ምርመራ ነው። በዚህ ምክንያት ሠራተኛን ከሠራተኛ መለየትም የተከለከለ ነው። አዋጁ በዋነኝነት የሚመለከተው በግል ድርጅቶችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች የሚሠሩትን ሲሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ይተዳደራሉ።

ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው ማወቁ አይቀርም። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ለዚህም ሠራተኛው መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ያቀርባል። የሚቀርበው ማስረጃው እንጂ ሙሉው የሕክምና ካርድ አይደለም።

ኮቪድ-19 እና ክትባት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ቦሌ የሚገኘው ሚሌኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከልነት ተለወጠ። በኮቫክስ በኩል የተላከው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በምሥራቅ አዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ሲሆን ቀኑ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ ነበር።

ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ የክትባት ካርድ «ተከትቧል» ከማለት ያለፈ ነገር ሊናገር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተከተበ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆነና በዕድሜ ያልገፋ ሰው ካርዱን ለአለቃው ሲያሳይ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም እንዳለበት ሳይናገር ሊያስገምት ይችላል። ያልተከተበ ሠራተኛ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ እርግዝናን፣ አለርጂን ወይም ሌላ ሕመምን ሊገልጥ ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለ ሠራተኞች ክትባት ራሱን የቻለ አንቀጽ የለውም። ምርመራና ክትባት ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ምርመራ የጤናን ሁኔታ ሲያሳይ ክትባት ሰውነት ውስጥ የሚገባ ሕክምና ነው። በመሆኑም «በበቂ ምክንያት» የሚለው የምርመራ ድንጋጌ ብቻውን የክትባት ግዴታ አያቋቁምም። በሌላ በኩል እንደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚውልበት ቦታ አሠሪው ደኅንነትን የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት «ተከትበሃል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

የጉዞ ክትባት ከዚህ ይለያል። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትን የሚጠይቀው ተጓዡን የሚቀበለው አገር ሲሆን መሠረቱም ዓለም አቀፍ የጤና ደንቦች ናቸው። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የመረጃው አያያዝ

የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዳታዎች ይመድበዋል። መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠንና ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ መያዝ አለበት። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ መርህ መሠረት «ተከትቧል» የሚለው ምልክት ከበቃ የካርዱን ፎቶ ኮፒ ማስቀመጥ ከዓላማው ያልፋል፤ ያልተከተቡትን ስም ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍም እንዲሁ።

ሐኪሞችና ነርሶች በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በግል አቤቱታ ይጠየቃሉ። በፋብሪካ ክሊኒክ የሚሠራ ነርስ ደመወዙን ከአሠሪው ቢቀበልም ይህ ግዴታ አይቀርለትም።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ የጤና መረጃን የሚጠብቀው «ሂፓ» የተባለው ሕግ በዋነኝነት ሕክምና ሰጪዎችንና የጤና መድን ድርጅቶችን ስለሚመለከት አሠሪ ሠራተኛውን ስለ ክትባት እንዳይጠይቅ አይከለክልም፤ የሚሰጠው መልስ ግን በምስጢር መያዝ አለበት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 15 ቀን 2021 ጀምሮ ሠራተኞች ሁሉ «ግሪን ፓስ» እንዲያሳዩ አዝዛ ነበር። ይህን ወረቀት በክትባት፣ ከበሽታው በማገገም ወይም በምርመራ ማግኘት ይቻል ስለነበር ምልክቱ የትኛው እንደሆነ ለአሠሪው አይናገርም ነበር።