የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምና የደም ምርመራ፦ ውጤቱ ምን ይነግረናል?

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነው ልም አጥንት ቀስ በቀስ እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ሕመም ነው። ከሥሩ ያለው አጥንትና የመገጣጠሚያው ሽፋንም አብረው ይጎዳሉ። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ጉዳትና ከባድ ሸክም ያባብሱታል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጋሞ ደጋ ተሸክሞ ቁልቁለት መውረድ የዕለት ኑሮ ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትን ከሜዳ ይልቅ ይጫነዋል።

መገጣጠሚያ ያመመውን ሁሉ «ሪህ ይዞታል» ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ብዙዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት የደም ምርመራ ነው። ነገር ግን ኦስቲዮአርትራይተስን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ምርመራው የሚጠቅመው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማጣራት ነው።

የተለመዱት ምርመራዎች

ኢኤስአር፦ ደሙ በቀጭን ቱቦ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ቀይ ሴሎቹ ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ይለካል። በሰውነት ውስጥ መቆጣት (ብግነት) ካለ ቶሎ ይወርዳሉ። ዕድሜ፣ እርግዝናና የደም ማነስም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ።

ሲአርፒ፦ መቆጣት ሲኖር ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። በኢንፌክሽን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል። በኦስቲዮአርትራይተስ ግን ኢኤስአርም ሲአርፒም አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ መጠን ላይ ናቸው፤ ቢጨምሩም ጥቂት ነው። በጣም ከፍ ያለ ውጤት ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ያመለክታል።

ዩሪክ አሲድ፦ ለሪህ ይታዘዛል። ይሁን እንጂ መጠኑ ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ ሪህ አለበት ማለት አይደለም። ሪህ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከመገጣጠሚያው በሚቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ክሪስታሉ ሲታይ ነው።

ሩማቶይድ ፋክተር፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲጠረጠር ይሠራል። በአንዳንድ ጤነኛ አረጋውያን ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

የልም አጥንት ምልክቶች፦ ኮምፕ የተባለው ፕሮቲን በደም፣ ሲቲኤክስ-2 የተባለው የኮላጅን ስባሪ በሽንት ይለካሉ። ልም አጥንት ሲጎዳ በአማካይ ይጨምራሉ። የጤነኛና የታማሚ ቁጥር ስለሚቀራረብ ግን አገልግሎታቸው በምርምር ላይ ተወስኗል።

ታዲያ በምን ይታወቃል?

ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያመው ከሆነ፣ የጠዋት መተሳሰሩም ከግማሽ ሰዓት ካላለፈ፣ ሐኪም ያለ ደም ምርመራ ሊለየው ይችላል። ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ምን ይጠቅማል?

የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ዋናዎቹ ናቸው። 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ገደማ ጫና ያነሳል። ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግሞ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

በሶላት ላይ የሚቸገሩ አባቶችና እናቶችም ጉልበታቸውን ማስጨነቅ የለባቸውም። መቆም የሚችል ይቆማል፤ ሱጁድ ያልቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጎነብሳል፣ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ዝርዝሩን የመስጂዱን ኢማም፣ ሕክምናውን ደግሞ በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።