ከንጉሡ ጥምቀት በፊት የነበረች ጸሎት፦ የካንተርበሪዋ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ አንድ አገር በክርስትና ማመን ስንማር በአብዛኛው በልቡናችን የሚቀረው የተጠመቀው ንጉሥና ያጠመቀው ጳጳስ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ለብዙ ዓመታት በጥቂቱ የጸለዩትን ግን እንዘነጋቸዋለን። ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ የእነዚህ የተዘነጉት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

ከቅጥር ውጭ ያለች ትንሽ ቤት

ለአጭር የትምህርት ጉዞ ወደ እንግሊዝ በሄድሁ ጊዜ አንድ ቀን አግኝቼ ወደ ካንተርበሪ ከተማ ወረድሁ። ጎብኚው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ታላቁ ካቴድራል ነው። እኔ ግን በጥንቱ የከተማ ቅጥር በስተ ምሥራቅ ወጥቼ፣ ፍርስራሹ ብቻ የቀረውን ታላቅ ገዳም አልፌ፣ በመቃብር ቦታ መካከል በኮረብታ ላይ ወደ ቆመች አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ይህች የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ናት። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እስከ ዛሬ አገልግሎት ከሚሰጡት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊት እንደ ሆነች ይነገርላታል። በ1988 ከካቴድራሉና ከገዳሙ ፍርስራሽ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ቀይ የሮማውያን ጡብ ዛሬም ይታያል። በ731 የእንግሊዝን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጽፎ የፈጸመው መነኩሴ ቤዳ፣ ይህች ቤት ሮማውያን በዚያ አገር በነበሩበት ዘመን የተሠራች ጥንታዊት እንደ ነበረች ይናገራል። ሮማውያን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለቅቀው ከሄዱ በኋላ ምድሪቱን የያዙት ሕዝቦች ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። እንግሊዞች ረቡዕን የሚጠሩበት ስም ከጣዖታቸው ከወደን ስም የወጣ መሆኑ የዚያ ዘመን ምልክት ነው።

ብቻዋን ያመነች ንግሥት

በ6ኛው መቶ ዓመት የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ቤርታ የተባለች የፍራንኮች ንጉሥ ልጅ አገባ። እርስዋ ክርስቲያን ነበረች፤ እርሱ አልነበረም። ወላጆችዋ የሰጧት እምነቷን ያለ ከልካይ እንድትጠብቅ ቃል ከተገባላቸው በኋላ እንደ ሆነ ቤዳ ጽፏል። ሉድሃርድ የተባለ ኤጲስ ቆጶስም አብሯት መጣ። ንግሥቲቱ ለጸሎት ትሄድባት የነበረችው ቤት ይህችው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ናት።

ቅዱስ ማርቲን በ397 ያረፈ፣ በወታደርነቱ ዘመን ካባውን ለሁለት ቀድዶ ግማሹን ለታረዘ ድኃ ያለበሰ፣ ኋላም መንኖ የቱር ኤጲስ ቆጶስ የሆነ አባት ነው። የኖረው ከኬልቄዶን ጉባኤ በፊት ነው።

እስኪ አስቡት! የመጣችበት አገር ቋንቋ ሌላ፣ በቤተ መንግሥቱ የሚመለከው ሌላ፣ ባልዋ የሚሠዋው ለሌላ። ዓመታት አለፉ፤ ንጉሡ አልተጠመቀም። የንግሥቲቱ ጸሎት ፍሬ ያፈራ አይመስልም ነበር።

የብር መስቀልና የጌታ ሥዕል

በ597 የሮሜው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ የላከው አውግስጢኖስ አርባ ከሚያህሉ ባልንጀሮቹ ጋር በታኔት ደሴት ደረሰ። (ይህ አውግስጢኖስ ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ከኖረው ከሰሜን አፍሪካው ሊቅ የተለየ ነው።) መልእክተኞቹ በመንገድ ሳሉ የማያውቁትን ሕዝብ ፈርተው ሊመለሱ አስበው ነበር፤ በጎርጎርዮስ መልእክት ተበረታተው ነው ጉዟቸውን የቀጠሉት።

ንጉሡም አስማት እንዳያደርጉብኝ ብሎ በቤት ውስጥ ሊቀበላቸው አልወደደም፤ በሜዳ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። እነርሱም የብር መስቀልና በሰሌዳ የተሣለ የጌታን ሥዕል ይዘው፣ ምሕላ እየዘመሩ መጡ። ንጉሡ ቃላቸው ያማረ ቢሆንም አዲስ ስለ ሆነበት የቆየውን ልማድ በአንድ ጊዜ መተው እንደማይችል ነገራቸው። ሆኖም ማደሪያና ምግብ ሰጣቸው፤ ከማስተማርም አልከለከላቸውም።

ታዲያ እነዚህ እንግዶች መዝሙር የዘመሩት፣ የቀደሱት፣ ያስተማሩትና ያጠመቁት በመጀመሪያ የት ነበር? ንግሥቲቱ በምትጸልይባት ቤት ነበር! ለወንጌል የሚሆን ስፍራ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ብዙ ሳይቆይ ንጉሡ ራሱ ተጠመቀ፤ በዚህችው ቤት እንደ ሆነም ይተረካል። ከተጠመቀ በኋላም ለክርስቶስ መገዛት በፈቃድ እንጂ በግድ እንዳልሆነ ተምሮ ነበርና ማንንም አላስገደደም። ጎርጎርዮስ በ601 ለቤርታ በላከው ደብዳቤ ከንግሥት እሌኒ ጋር አነጻጽሯታል፤ ባልዋን ቀደም ብላ ልትስበው ይገባ እንደ ነበርም በትሕትና ወቅሷታል።

በዚያ የጸለይሁት ጸሎት

አንዳንዶቻችሁ «ዲያቆን ሆነህ እንዴት በዚያ ጸለይህ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ነው፤ ዛሬም ቤቲቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ናት። ስለዚህ አስቀድሜ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። በአገልግሎታቸው አልተሳተፍሁም። አገልግሎት በሌለበት ሰዓት ገብቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መልሼ የዕለቱን ዳዊት በለሆሳስ ደገምሁ።

ስገባ እንደ ልማዳችን ጫማዬን አወለቅሁ። በበሩ የነበሩ አንዲት አረጋዊት እናት ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ የሙሴን ታሪክ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና ብቻዬን እንድጸልይ ራቅ አሉልኝ። የድንጋዩ ወለል ይቀዘቅዝ ነበር።

በዚያ ቆሜ ያሰብሁት ስለ ነገሥታት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ እንዳያዩኝ መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኜ የምጸልየው ጸሎት ታወሰኝ። እነርሱ ክፉ አላሉኝም፤ ያፈርሁት እኔው ነኝ። ቤርታ በጣዖት አምላኪ ቤተ መንግሥት መካከል በቀን ብርሃን ወደ ጸሎት ስትሄድ አላፈረችም። አለቀስሁ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፣ ፍሬምናጦስ ጳጳስ ሆኖ ከመሾሙ በፊት በአክሱም ቤተ መንግሥት ሳለ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ ያበረታታ ነበር። ከከሣቴ ብርሃን ሹመት በፊት የነጋዴዎች ጸሎት ነበረች።

ሁለተኛ፣ እምነት በውርስ ብቻ አይቆምም። ኤተልበርት በ616 ሲሞት ልጁ ኤድባልድ ወደ አሕዛብ ልማድ ዞረ፤ የተመለሰው ቆይቶ ነው። ልጁ ኤተልቡርግ ግን እንደ እናቷ በእምነቷ እንድትኖር ቃል ተገብቶላት የሰሜኑን ንጉሥ ኤድዊንን አገባች፤ እርሱም በ627 ተጠመቀ። በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች በተለያየ መንገድ ሄዱ። ሰንበት ትምህርት ቤት ማደጋችን ብቻውን ዋስትና አይሆነንም።

ሦስተኛ፣ ትንሹን አንናቅ። አውግስጢኖስ የመሠረተው ታላቅ ገዳም በ1538 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ተዘግቶ ፈረሰ። ትንሿ የጸሎት ቤት ግን ቆማለች።

እናንተ በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራችሁ በጓዳ የምትጸልዩ እኅቶች፣ በባዕድ ከተማ በሥራ የደከማችሁ ወንድሞች፣ በመኝታ ክፍላችሁ ብቻችሁን የቀራችሁ ተማሪዎች፦ የእናንተ ጥግ የማን ማረፊያ ሊሆን እንደ ተዘጋጀ አታውቁም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ መብራቱ እስኪጠፋ አልጠብቅም። እናንተስ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።