የፍሬ ቅርፊትና የጋዝ ጭምብል፦ የአክቲቬትድ ካርቦን ታሪክ

አክቲቬትድ ካርቦን ከተራ ከሰል የሚለየው በውስጡ ባሉት እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች ብዛት ነው። የአንድ ግራም ውስጣዊ ገጽ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ጋዝ፣ ቀለምና ሽታ የሚያዙት በዚህ ገጽ ላይ ነው።

ከሰል ጋዝን እንደሚይዝ ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1773 እ.ኤ.አ. አስተዋለ። በ1785 ደግሞ ቶቢያስ ሎቪትስ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚያጠራ ደረሰበት። ይህን ባሕርይ በሰፊው የተጠቀሙበት ስኳር አጣሪዎች ሲሆኑ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአጥንት ከሰል ዋነኛ መሣሪያቸው ነበር።

በ1900 እና በ1901 ራፋኤል ፎን ኦስትሬይኮ ባስመዘገባቸው የፈጠራ መብቶች ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው የዕፅዋትን ጥሬ ዕቃ ከብረታ ብረት ክሎራይድ ጋር ቀላቅሎ ማክሰል ነው፤ ሁለተኛው የከሰለውን እንደገና አግሎ በእንፋሎት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀዳዳውን ማብዛት ነው። ዛሬም ኢንዱስትሪው የቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

የእርሻ ተረፈ ምርትን ተፈላጊ ያደረገው ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጀርመን ሚያዝያ 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም በኢፕር ግንባር ክሎሪን ከለቀቀች በኋላ የጋዝ ጭምብል የወታደሩ ሕይወት ሆነ። በሩሲያ ኒኮላይ ዜሊንስኪ በእንጨት ከሰል የሚሠራ ጭምብል አዘጋጀ። አሜሪካውያን ባደረጉት ፍተሻ ደግሞ የኮኮናት ቅርፊት ከሰል በልጦ ተገኘ፤ ቅርፊቱ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሰሉ አይፈረፈርም፣ ቀዳዳዎቹም ጋዝ ለመያዝ የሚመቹ ደቃቆች ናቸው። ኮኮናት ግን ከሩቅ በመርከብ የሚመጣ በመሆኑ አልበቃም። ስለዚህ በ1918 የአሜሪካ ሕዝብ የኮክ፣ የፕሪምና የቼሪ የውስጥ ፍሬዎችን፣ የለውዝ ዓይነቶችንም ቅርፊት እንዲያጠራቅም ጥሪ ቀረበለት። ቀይ መስቀል ሰብሳቢ ሆነ፤ ለአንድ ጭምብል ሰባት ፓውንድ ያህል ፍሬ እንደሚያስፈልግ ተነገረ። ተበልቶ የሚጣለው ፍሬ የሰው እስትንፋስ ጠባቂ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ዕውቀት ወደ ውኃና አየር ማጣሪያ ተሻገረ። ዛሬ የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን እንደ ስሪላንካ፣ ህንድና ፊሊፒንስ ላሉ አገሮች የውጭ ንግድ ምርት ነው። ተመራማሪዎችም የቡና ገለባን፣ የሩዝ ገለባንና ጭማቂው የወጣለትን የሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት ይፈትሻሉ። ገለባ ቀላልና አመዳም በመሆኑ እንደ ቅርፊት ጠንካራ ካርቦን አይወጣውም፤ ሆኖም በየመኸሩ በብዛት የሚገኝ ነው። ለማንኛውም ጥሬ ዕቃ ዋጋ የሚሰጠው የዕፅዋቱ አካል ጥንካሬ፣ የአመዱ ማነስና የእሳቱ አያያዝ ነው።