ዋሱ ማን ነው?

በ1950ዎቹ ከሰባት ቤት ጉራጌ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ነጋዴዎችና ሠራተኞች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ እንደ እምድብር ላሉ የአገር ቤት ከተሞች በጋ ከክረምት የሚያስኬድ መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ያዋጡ ጀመር። መንገዱ ገና በሐሳብ እንጂ በመሬት ላይ አልነበረም። ታዲያ ሰው ስለምን አመነ? ሰብሳቢውን በአባቱና በሰፈሩ ያውቀዋልና ነው። ሰብሳቢው ቢያጠፋ በዕድርም በለቅሶም ፊቱን የሚሸሽግበት የለውም። የዕቁብም ሕግ ያው ነው፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም።

ዘመናችን ደግሞ በብሎክቼይን መዝገብ የሰፈረ፣ ኤንኤፍቲ የሚባል የዲጂታል ንብረት ምስክር አመጣ። በ2014 ዓ.ም. «ፍሮስቲስ» የተባለው ፕሮጀክት 8,888 የካርቱን ሥዕሎች ሸጦ እንዳበቃ፣ በቅጽል ስም የተሰወሩት ባለቤቶቹ ለገዢዎች የገቡትን ተስፋ ጥለው፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ይዘው ጠፉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በሁለት ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ።

መዝገቡ አልዋሸም፤ ንብረቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተሻገረ በትክክል መስክሯል። ለሻጩ ቃል ግን መዝገብ ዋስ አይሆንም።

እንግዲህ አዲስ ፕሮጀክት ሲቀርብልን፣ ከሥዕሉ ውበት አስቀድመን የምንጠይቀው የእምድብር ሰው የሚጠይቀውን ነው፦ የማን ልጅ ነህ? ዋስህስ ማን ነው?