የመንግሥቱ ወርቁ ዝናና የባልንጀሮቹ ድርሻ

ባለፈው ዓመት ስለ መንግሥቱ ወርቁ አንዲት ግጥም ጽፌ ነበር። እዚሁ ሺሺንዳ፣ በምሠራበት ባንክ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ ለነበሩ አንድ አረጋዊ የቡና ነጋዴ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ልጄ፣ ግጥሙስ ያምራል፤ ግርማን ግን የት ጣልከው?» አሉኝ። እርሳቸው የዚያን ቀን ጨዋታ በልጅነታቸው በሬዲዮ የተከታተሉ ናቸው። እኔ አፈርኩ፤ ሒሳብ ማመሳከር እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ስም ከመዝገብ አጉድዬ ነበርና።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት የነበረችውን ግብፅን ገጠመች። ግብፅ ቀድማ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብፅ እንደገና መራች፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ደግሞ መዝጊያውን አራተኛ ጎል አስቆጠሩ። ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

አራት ጎል፣ አራት ሰው። ታዲያ ከአራቱ የአንዱ ስም ስለ ምን በሁሉም አፍ ቀረ?

መንግሥቱ ዝናውን በሥራው ያገኘ መሆኑን አልክድም። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ባሸነፍንበት ግማሽ ፍጻሜ ሁለት ጎል ያገባ እርሱ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ 10 ጎሎች አሉት፤ ከኢትዮጵያውያን የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የ1954ቱ ድል ወደ ገጠሩ የደረሰው በሬዲዮና በሰው አፍ ነበር። ወሬ ሲጓዝ ደግሞ ሸክሙን ያቀላል፤ አሥራ አንድ ስም ተሸክሞ ተራራ አይወጣም፤ አንዱን ይዞ ይመጣል።

መንግሥቱ ከጨዋታ በኋላም በአሠልጣኝነት ከእኛው ጋር ቆየ፤ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፍ አዲስ አበባ አለቀሰችለት። ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ የተወለደው ሉቻኖ ግን በደርግ ዘመን ተሰድዶ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በጣሊያን አገር አረፈ። በዓይናችን ሥር የኖረውን አዘወትረን ጠራነው፤ የራቀውን ስሙን እያሳነስን ሄድን። ግርማማ ከነጭራሹ ተዘነጋ። እርሱ ያንን የመጀመሪያ ጎል ባያገባ ኖሮ ግን ለተጨማሪው ሰዓት መድረሳችንን ማን ያውቃል?

ዛሬ የሺሺንዳ ልጆች በሜዳቸው ላይ የሚጠሩት የአውሮፓ ክለቦችን ተጫዋቾች ነው። አልወቅሳቸውም፤ እኛስ የራሳችንን መቼ በቅጡ ቆጠርን?

ግጥሟን እንደገና ጻፍኳት። መንግሥቱ በስፍራው አለ፤ ከፊቱ ግን ግርማ፣ ሉቻኖና ኢታሎ ቆመዋል። ሽማግሌው ተመልሰው ሲመጡ አነበብኩላቸው። «አሁን ሞላ» አሉኝ።