ሴናጋ ካሜጂሮ፦ ሕዝብ በግብሩ ያቆማቸው ከንቲባ

ስለ ጃፓን ሲወራ ቶሎ የሚነሡት ቶኪዮና ፋብሪካዎቿ ናቸው። እኔ ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ግን በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ ከምትገኘው ከኦኪናዋ ደሴት የወጡ አንድ ከንቲባ ነው። ሥልጣን ላይ የቆዩት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሴናጋ ካሜጂሮ በ1907 ቶሚግሱኩ በምትባል መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው ሠራተኞችን ሲያደራጁ ይዞ ያሰራቸው የጃፓን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ነበር። በ1945 ኦኪናዋ በጦርነት ወድማ በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር ወደቀች፤ በ1952 የጃፓን ሉዓላዊነት ሲመለስም ደሴቲቱ በጦሩ እጅ ቀረች። ሴናጋ በ1947 የኦኪናዋ ሕዝብ ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። በ1952 በአሜሪካኖቹ የተቋቋመው የሪዩክዩ መንግሥት ሲመረቅ፣ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል መሐላውን አልፈጽምም ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ1954 ደሴቲቱን እንዲለቁ የታዘዙ የትግል ጓዶችን ደብቀዋል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

በኤፕሪል 1956 ተፈቱ። በዚያው ዓመት የገበሬው መሬት ለጦር ሰፈር መወሰዱ ደሴቲቱን አናውጧት ነበርና፣ በዲሴምበር የናሃ ከተማ ሕዝብ ትናንት እስረኛ የነበሩትን ሰው ከንቲባ አድርጎ መረጠ።

ወታደራዊው አስተዳደር ያነሣባቸው መሣሪያ ገንዘብ ነበር። ለከተማይቱ መልሶ ግንባታ ይሰጥ የነበረው ድጎማ ቆመ፤ የሪዩክዩ ባንክም የማዘጋጃ ቤቱን ተቀማጭ ሒሳብ አገደ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ መንገድ ሳይሠራ ሲቀር ሕዝቡ የሚያማርረው ከንቲባውን ነው። የናሃ ሰው ግን ግብሩን ሊከፍል በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፈ! የግብር አከፋፈሉ 97 በመቶ ደረሰ። በመምህርነት ዘመኔ ስለ መንግሥት ገቢ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ግብር ራሱ እንደ ድምፅ መስጫ ካርድ ሲያገለግል ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ባላንጣዎቻቸው አልተኙም። በጁን 1957 የከተማው ምክር ቤት መተማመኛ ነፈጋቸው። ሴናጋ ምክር ቤቱን በትነው ፍርዱን ለሕዝብ ሰጡ፤ በኦገስቱ ምርጫም ደጋፊዎቻቸው ከ30 መቀመጫ 12ቱን ያዙ። አብላጫ አይደለም። ነገር ግን ከንቲባ ለማውረድ ከሲሶ በላይ የሆነ ተቃውሞ መኖር የለበትም ነበርና 12ቱ በቂ ሆኑ።

በምርጫ አልሆን ሲል ሕጉ ተለወጠ። በኖቬምበር 1957 ከፍተኛ ኮሚሽነሩ ሌተና ጄኔራል ጄምስ ሙር ከንቲባ በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲወርድ፣ በወንጀል የተፈረደበትም እንዳይመረጥ ደነገጉ። ድንጋጌው ለማን ተለክቶ እንደተሰፋ ለናሃ ሰው መንገር አያስፈልግም ነበር። ሴናጋ ወረዱ። በጃንዋሪ 1958 ምርጫ ግን ያሸነፉት እሳቸው የደገፏቸው ካኔሺ ሳይቺ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ጃፓን መሻገሪያ ፓስፖርት በተደጋጋሚ ተከለከሉ (የፓስፖርትን ነገር ለእናንተ አላስረዳም)። በ1970 ኦኪናዋ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቶኪዮ ፓርላማ እንደራሴ ስትመርጥ ከተመረጡት አንዱ ነበሩ፤ እስከ 1990ም አገለገሉ። ፓርቲያቸው በ1973 ከጃፓን ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር ተዋሐደ። የእኔ ትውልድ የኮሚኒዝምን ዋጋ ስለከፈለ በዚህ በኩል ጠበቃቸው አልሆንም፤ የናሃው ገድል ግን ከፓርቲያቸው ይሰፋል።

ኦኪናዋ በ1972 ወደ ጃፓን ተመለሰች፤ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። ሴናጋ በኦክቶበር 2001 በ94 ዓመታቸው አረፉ። በ2013 ናሃ ውስጥ በመታሰቢያቸው የተከፈተው ሙዚየም ስሙ ሲተረጎም «የማይበገር» ማለት ነው።